አገር ውስጥ የተገጣጠመ ስልክ ለምን አልረከሰም?

ጥያቄ፣ ከደሴ፦
ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ለእህቴ ስማርት ስልክ ልገዛላት ፒያሳ ዋጋ ስጠያይቅ፣ አገር ውስጥ የተገጣጠመውና ከውጭ የገባው ዋጋቸው ተቀራራቢ ሆኖ አገኘሁት። ለአገር ውስጥ መገጣጠሚያዎች ይሰጣል የሚባለው የቀረጥ ቅናሽ የት ገባ?

መልስ፣ ከኮምቦልቻ፦
ወንድሜ፣ ቀረጥ የሚታሰበው በዕቃው ዋጋ፣ በመድንና በማጓጓዣ ድምር ላይ ሲሆን፣ 15 በመቶው የተጨማሪ እሴት ታክስ የሚሰላው ደግሞ ቀረጡ ከተደመረ በኋላ በመሆኑ አንዱ በሌላው ላይ ይደራረባል። የምንዛሪ ለውጡን ጨምርበት። መቶ ዶላር የሚያወጣ ስልክ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት በባንክ ምንዛሪ 5,700 ብር ገደማ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን ከ10,000 ብር አልፏል። መጣኔው ባይነካም የሚከፈለው ቀረጥ በብር አብሮ ያድጋል። መገጣጠሚያ ፋብሪካውም ቢሆን ስክሪኑን፣ ባትሪውንና ቺፑን የሚገዛው በዚያው ዶላር ነው።

መልስ፣ ከደሴ፣ የስልክ ጥገና ባለሙያ፦
በዚህ እስማማለሁ፤ ሆኖም መገጣጠም ብቻውን ማምረት እንዳልሆነ አጥብቄ መናገር እፈልጋለሁ። ቴክኖ በኢትዮጵያ መገጣጠም የጀመረው በጎርጎሮሳውያኑ 2011 ነው፤ ይሁንና ዛሬም የማንኛውንም ስልክ ክዳን ከፍቼ ሳየው ከቦርዱ እስከ ቻርጅ መሰኪያው ያለው ሁሉ ከውጭ የመጣ ነው። በእኔ እምነት መጀመር ያለብን ከካርቶኑ፣ ከቻርጀሩ ገመድና ከፕላስቲክ መያዣው ነው፤ የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክም ለዚህ ሥራ በሩን ሊከፍት ይገባል። ለእህትህ ግን መለዋወጫው እዚሁ ደሴ የሚገኝለትንና በጽሑፍ ዋስትና የሚሰጥበትን ግዛላት፤ ገንዘቡን ከመክፈልህ በፊትም *#06# ደውለህ የሚታየው ቁጥር ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑን አረጋግጥ።