በደብረ ብርሃን ብርድ ሲንተቲክ ዘይት ያዋጣል?

ጠያቂ፦ ቪትዝ ነው የምነዳው። ጠዋት ደብረ ብርሃን ላይ ሳስነሳት ትንሽ ታንኳኳለች። ከሰዓት ጣርማበርን ወርጄ ሸዋ ሮቢት ሙቀት ውስጥ ነኝ። መካኒኬ 20ደብሊው-50 (ወፈር ያለውን የሞተር ዘይት) አድርግ ይላል፤ ባለሱቁ ደግሞ «ሙሉ ሲንተቲክ» ብሎ በእጥፍ ይጠራል። የቱን ልስማ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጣሳው ላይ ያለው «ሙሉ ሲንተቲክ» የሚል ጽሑፍ ብዙ አይነግርህም። ወሳኙ ቤዝ ኦይሉ፣ ማለትም ዘይቱ የሚሠራበት መነሻ ዘይት ነው፤ እሱም በግሩፕ ይመደባል። ግሩፕ 3 ከድፍድፍ ነዳጅ ይወጣል፤ በሃይድሮጅንና በከፍተኛ ግፊት ስለሚጣራ ብዙ አገር ሲንተቲክ ተብሎ ይሸጣል። ግሩፕ 4፣ ማለትም ፒኤኦ (ፖሊአልፋኦሌፊን)፣ በኬሚካል የተገጣጠመ ነው። ሰም የለውም፤ በብርድ አይረጋም።

ሌላ መልስ፦ እኔ መሐል ሜዳ ነኝ፣ ብርዱን ለኔ ተወው! የመጀመሪያው ቁጥር የብርዱ ነው፤ ከ5ደብሊው የሚጀምር ዘይት ጠዋት ቶሎ ቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ይደርሳል። 20ው ይጎተታል። የመኪናዋ ማንዋል 5ደብሊው-30 የሚል ከሆነ ግሩፕ 3 ይበቃታል።

ጠያቂ፦ ሸዋ ሮቢት ላይ አይቀጥንም?

መልስ፦ ሲሞቅ የሚሠራው ሁለተኛው ቁጥር፣ 30ው ነው። ይልቅ የጣሳውን ማሸጊያ እይ፤ በጆግ የሚቀዳ አትግዛ።