ኩባያውም የጦር መርከቡም የአንድ ሰው ሥራ ነው?

ግራ ገባኝ፦
ሰላም ለቤቱ። ኤሪክ ራቪሊየስ የሚባል እንግሊዛዊ ሰዓሊ ላይ እርዱኝ። መጀመሪያ ያየሁት የባቡር ሥዕሉን ነው። ሰው የሌለበት የሦስተኛ ማዕረግ ፉርጎ፣ በመስኮቱ ደግሞ ኮረብታ ላይ የተቀረጸ ነጭ ፈረስ። ወደድኩት። ከዚያ ስሙን ስፈልግ ዌጅዉድ የሚባል የሸክላ ፋብሪካ ኩባያ፣ የክሪኬት መጽሐፍ ሽፋን፣ የሱቆች ሥዕል፣ ሰርጓጅ መርከብ፣ ምኑ ቅጡ! ሞክሼዎች ናቸው እንዴ? አንድ ሰው ከሆነስ ዋና ሙያው የቱ ነው?

ብሩሽ፦
አንድ ሰው ነው ወንድሜ። (ዓመቶቹንም ወሮቹንም በፈረንጅ ነው የምጽፈው።) በ1903 ለንደን ተወልዶ ኢስትቦርን አደገ። ከ1922 ጀምሮ ለንደን ሮያል ኮሌጅ ኦፍ አርት ተማረ፤ ሰዓሊው ፖል ናሽ አስተማሪው ነበር፣ ኤድዋርድ ቦደን ደግሞ ጓደኛው። ሁለቱ ሆነው በ1930 የጨረሱት የሞርሊ ኮሌጅ የግድግዳ ሥዕል በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በቦምብ ወድሟል።

ዋና ሙያው የቱ ነው ላልከው፣ እኔን ከጠየቅከኝ የእንጨት ቀራጭ ነው፤ እንጨት ቀርጾ ወረቀት ላይ የሚያትም ማለት ነው። ጠንካራ እንጨት ላይ በስለታም መቅረጫ ትቆርጣለህ፤ የቆረጥከው ቦታ ቀለም ስለማይነካው ነጭ ሆኖ ይወጣል፣ ያልነካኸው ጥቁር ይታተማል። ማለትም የምትሠራው ብርሃኑን ነው። አሁን የውሃ ቀለም ሥዕሎቹን ቀረብ ብለህ እያቸው፦ ቀለሙን በሰፊው አያፈሰውም፣ ደረቅ ባለ ብሩሽ ቀጫጭን መስመር እየደረደረ በመሃል ነጩን ወረቀት ይተወዋል። ያው የእንጨቱ እጅ ነው። ያልከው የክሪኬት ሽፋንም የእንጨት ቅርፅ ነው፣ ረጅም ባርኔጣ ያደረጉ ተጫዋቾች ያሉበት። የዊዝደን ዓመታዊ መጽሐፍ ከ1938 ጀምሮ ይዞት ቀርቷል።

ቀለሟ፦
ብሩሽ ልክ ነህ፣ ግን እንጀራውንም አትርሳ። ሥዕል ብቻውን ቤት አያቆምም፤ ስለዚህ ሥራ ሲመጣ ይሠራል። ዌጅዉድ ለኤድዋርድ ስምንተኛ የዘውድ በዓል ኩባያ አሠራው። ርችት የሚፈነዳበት፣ በጣም ያምራል። ንጉሡ ግን በታኅሣሥ 1936 ዘውዱን ጣለና ቁጭ! ኩባያው ከገበያ ወጣ። ታዲያ ንድፉ አልተጣለም፤ ጽሑፉንና ቀለሙን ቀይረው ለጆርጅ ስድስተኛ አደረጉት፣ በ1953 ደግሞ ለኤልሳቤጥ። ያኔ እሱ ከሞተ 11 ዓመት ሆኖታል። ሦስት ነገሥታት በአንድ ንድፍ!

ተቃዋሚ፦
ይቅርታ አድርጉልኝና እኔ ሰውዬው ይበርደኛል። ወንበር አለ፣ ጠረጴዛ ተዘርግቷል፣ ሰው የለም። የጦርነት ሰዓሊ ሆኖም ጦርነቱን እንደዚያው ነው የሣለው። ሰው እያለቀ ባሕሩ ምን ያምራል?

ብሩሽ፦
ተቃዋሚ፣ ነገርህ ውሃ ያነሳል፤ ግን የሰርጓጅ መርከቦቹን ሊቶግራፎች (የኅትመት ሥዕሎች) አይተሃል? እዚያ ባሕረኞቹ ተጣበው ሲሠሩና ሲተኙ ታያለህ። ግሎሪየስ የምትባለውን አውሮፕላን ተሸካሚ የጦር መርከብ ደግሞ በ1940 የሰሜን ዋልታ አካባቢ፣ በሚያበራ ባሕርና ሰማይ መሃል ሣላት። በዚያው ሰኔ ጀርመኖች አሰመጧት፤ እሷና ሁለቱ አጃቢዎቿ ከ1,500 በላይ ሰው ይዘው ሄዱ። ይህን ካወቅኩ በኋላ ያ ውበት ለእኔ ቀዝቃዛ አይደለም፣ የሚያስፈራ ነው። እሱ ራሱም ብዙ አልቆየ። ነሐሴ 1942 መጨረሻ አይስላንድ ገባ፤ አንድ አውሮፕላን ጠፍቶ ሊፈልጉ በወጡት ውስጥ መስከረም 2 ተሳፈረ፣ የተሳፈረበትም ሳይመለስ ቀረ። 39 ዓመቱ ነበር።

ግራ ገባኝ፦
ኧረ በጣም አመሰግናለሁ። ባቡሯን ማን እንደሚረሳት እንጃ፣ እኔ አሁንም እሷ ላይ ነኝ።

ቀለሟ፦
እንግዲያው ስለ ባቡሯ አንድ ልጨምርልህ። ከሁለት ሥዕል የተገጠመች ናት። አልሆነለትም ብሎ ከተዋቸው ሁለቱ ባለቤቱ ቲርዛ ጋርዉድ ቆርጣ አንድ አደረገቻቸው። እሷም ቀራጭ ነበረች፤ ኢስትቦርን ሲያስተምር ተማሪው ሳለች ነው የተዋወቁት። የእሷንም ሥራ ፈልግ፣ በተለይ የእንጨት ቅርፆቿን። ሰው የሌለበት ሥዕል ለሚበርደው ለተቃዋሚም ጥሩ መድኃኒት ነው፤ የእሷዎቹ ሰው አላቸው፣ ቀልድም አላቸው።