የኋላ ሾክ አብዞርበር በግቢ ይቀየር ወይስ ጋራዥ ብቻ?

የደብረ ብርሃን ባለ ፒክአፕ፦
ሰሞኑን አንድ የቡድናችን አባል «ፍሬን፣ መሪ ወይም ሾክ የተነካበት መኪና ለዓመታዊ ምርመራ ሲቀርብ የጋራዥ ደረሰኝ ይጠየቅ፤ ካልያዘ ቦሎ አይሰጠው» ብለው ነበር። በፍሬንና በመሪ አልከራከርም። በኋላ ጎማዎቹ ሾክ፣ ማለትም የመኪናውን መዝለል በሚያበርደው ዕቃ፣ ግን አልስማማም። ባለፈው ቅዳሜ የአሮጌ ሃይሉክሴን ሁለቱንም የኋላ ሾኮች ግቢዬ ውስጥ ቀይሬያለሁ። አምና አንድ ጋራዥ የግራውን ብቻ ለውጠው «የቀኙ ገና ነው» ብለው ሸኝተውኝ ነበር። ሾክ በጥንድ ካልተቀየረ አንዱ ጎን ይይዛል፣ ሌላው ይለቃል። ጣርማበርን ስወርድ ኋላው ኩርባ ላይ እየዘለለ አስጨነቀኝ። ደረሰኙ ያን ጊዜም ኪሴ ውስጥ ነበር።

የደብረ ሲና መካኒክ፦
ልጄ፣ ጋራዦቹ በድለውሃል፤ ሾክ በጥንድ ነው። ግን ሥራው የቀለለልህ ሃይሉክስ ኋላው ባሌስትራ፣ ማለትም ተደራራቢ የብረት ዝርግ፣ ስለሆነ ነው። ሾኩ ለብቻው ቆሟል፣ ላይና ታች ፈትተህ ታወጣዋለህ። አንተን ያየ ጎረቤትህ ነገ ኮሮላውን በክሪክ ያነሳል። በ1990ዎቹ በፈረንጅ የተሠራው ኮሮላ ኋላው ላይ ሞላው ሾኩን ለብሶ፣ ተጨምቆ ነው የተቀመጠው። በሞላ መጭመቂያ ሳይታሰር የላይኛዋን ዳዶ የፈታ ሰው ሞላው ፊቱ ላይ ይፈናጠርበታል። አብሮኝ የሚሠራ ልጅ እንዲህ ሆኖ ሁለት ጥርሱን አጥቷል። ስለዚህ ደረሰኝ ይጠየቅ እላለሁ።

የመሐል ሜዳ መምህርት፦
ጋሼ፣ ያሉት ልክ ነው፤ የእኛንም ኑሮ ግን ይዩልን። ከመንዝ ለደረሰኝ ሲባል ሾኩ ያለቀ መኪና እየነዱ ደብረ ብርሃን መውረድ ማለት እኮ ነው። ጠጠር መንገድ ላይ የደከመ ሾክ ጎማውን መሬት ላይ አያቆየውም። ይውጣ የተባለው ሕግ ሊከላከለው የፈለገውን አደጋ መንገድ ላይ ያወጣዋል።

የሸዋሮቢት ሹፌር፦
እኔ በየቀኑ ያን ቁልቁለት እመላለሳለሁ። ጣርማበር ዋሻው አፍ ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ነህ፤ ሸዋሮቢት ስትደርስ 1,300 ሜትር ገደማ። ላይ ጉም ነው፣ ታች ሙቀት ነው፣ መሐል ላይ ፍሬኑ ይግላል። በዚያ ላይ ጎማው እየነጠረ መሬት ከለቀቀ ፍሬን ብትረግጥ ምን ይይዝልሃል? ግቢህ ውስጥ የሠራኸው ጥፋት ፊት ለፊት ለምመጣው ለእኔና ለ12 ተሳፋሪዎቼ ነው። «መኪናው የራሴ ነው» የሚለውን ክርክር የማልቀበለው ለዚህ ነው።

የደብረ ብርሃን ባለ ፒክአፕ፦
ወንድሜ፣ አባባልህ ገብቶኛል፤ ስለዚህ እንዴት እንደሠራሁት ልዘርዝረው፣ ስህተት ካለ ንገሩኝ። ማታውኑ ዳዶዎቹን በሽቦ ብሩሽ ጠርጌ ዝገት ማላቀቂያ ነፋሁባቸው፤ እንደዚያ ባላደርግ የላይኛዋ ትሰበር ነበር። ኮብልስቶኑ ተዳፋት ስለሆነ ትቼው ሲሚንቶው ላይ አቆምኩ። የፊት ጎማዎቹን በታኮ ያዝኩ። በክሪክ ካነሳሁ በኋላ ሻንሲውን በብረት መደገፊያ አሳረፍኩት። ክሪክ ብቻ ይዞት ከሥሩ አልገባሁም፣ ማንም እንዳይገባ! ሁለተኛ ክሪክ ከአክስሉ፣ ሁለቱን የኋላ ጎማዎች ከያዘው ብረት፣ ሥር አደረግሁ፤ ሾኩ ሲወጣ አክስሉ ወርዶ የፍሬን ጎማ ቱቦውን እንዳይስበው ነው። አዲሱን ከመግጠሜ በፊት ቀጥ አድርጌ አቁሜ አራት አምስት ጊዜ ተጫንኩት፤ ተኝቶ ሲመጣ ወደ ዘይቱ የገባው አየር እንዲወጣ። የሚያብረቀርቀውን ዘንግ በፒንሳ አልነካሁትም፤ ከተጫረ ዘይቱን የሚይዘውን ላስቲክ ይበላውና ዘይት ያንጠባጥባል። የወጡት አሮጌዎቹ በእጄ ስገፋቸው ያለ ምንም ተቃውሞ ይገቡ ነበር፤ የቀኙ ደግሞ እስከ ታች በዘይት ርሷል፣ ያ «ገና ነው» የተባለው።

የደብረ ሲና መካኒክ፦
ጥሩ ሠርተሃል። አንድ ነገር ልጠይቅህ፦ ታችኛዎቹን ዳዶዎች ጨርሰህ ያጠበቅኻቸው መኪናው ገና በመደገፊያ ላይ ሳለ ነው ወይስ ጎማው መሬት ከነካ በኋላ?

የደብረ ብርሃን ባለ ፒክአፕ፦
በመደገፊያ ላይ ሳለ ነው።

የደብረ ሲና መካኒክ፦
እንግዲያውስ ጎሚኒው፣ በሾኩ ጫፍ ቀለበት ውስጥ ያለው ላስቲክ፣ እንደተጠማዘዘ ተይዟል። አክስሉ ተንጠልጥሎ ሳለ ካጠበቅኸው፣ መኪናው ሲቀመጥ ሁልጊዜ ይጠመዘዛል፣ ጊዜው ሳይደርስ ይቀደዳል። አላላውና ክብደቱ ጎማው ላይ እንዳረፈ መልሰህ አጥብቀው።

የሸዋሮቢት ሹፌር፦
ይኸው፣ እንዲህ የተጠነቀቀ ሰው እንኳ አንዷን ሳተ። ደረሰኙ ባይሆንም ከሥር ገብቶ የሚያይ ዓይን ያስፈልጋል። ምርመራው ላይ መኪናው ይነሳና ዘይቱ፣ ጎሚኒው፣ ዳዶው ይታይ። ወረቀት ማየት ቀላል ነው፣ ሥራውን ማየት ነው ሰው የሚያድነው።

የደብረ ሲና መካኒክ፦
በዚህስ እስማማለሁ። ሕዝብ ለሚጭን መኪና ግን ደረሰኙን አልለቅም። ሞላ የለበሰውንም በግቢ ማንም እንዳይነካ። ለብቻው የቆመውን ይቀይሩ፤ ቀይረው ሲጨርሱ ለባለሙያ ያሳዩ፣ እኔ በበኩሌ ለማየት ገንዘብ አልቀበልም።

የደብረ ብርሃን ባለ ፒክአፕ፦
እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። ዛሬ ማታ አላልቼ መሬት ላይ አጠብቃቸዋለሁ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ደብረ ሲና ወርጄ አሳይዎታለሁ።