ስለ ዱካክ ሥዕላዊ መጽሐፍ ላሳትም ነው፤ ሳይንሱን የት ላስገባው?

አማካሪዋ ከደሴ
ሰላም ለሁላችሁ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሥነ ልቦና አማካሪ ነኝ። ለፈተና ሲያነቡ የሚያድሩ ተማሪዎች ዱካክ እንደሚጫናቸው ይነግሩኛል። ዓይናቸው ተገልጦ እጅ እግራቸው አልታዘዝ ይላል፤ ደረታቸው ላይ የሆነ ነገር ይቀመጣል። አበድን ብለው ስለሚፈሩ ለቤተሰብ እንኳ አያወሩትም። ለእነሱ ብዬ በሥዕል የሚተረክ መጽሐፍ እያዘጋጀሁ ነው፤ የምትሥለው የእህቴ ልጅ ናት። ባለታሪኳ አያቷ ቤት የምታድር የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ናት።

የቸገረኝ ሳይንሱ ነው። መጨረሻ ላይ «ማብራሪያ» ብዬ በጽሑፍ ሳስቀምጠው፣ ረቂቁን ያየ ልጅ ሁሉ እዚያ ሲደርስ ይከድነዋል። ደግሞ አያትየዋ ጠበል የሚረጩበት ገጽ አለ። እሳቸውን ሳላዋርድ ሳይንሱን እንዴት ልናገር? ኅትመቱስ በቀለም ይሁን በጥቁርና ነጭ?

የአእምሮ ሕክምና ነርስ
እህቴ፣ ማብራሪያውን አውጪው፤ ሳይንሱ ራሱ ይሣላል። ሕልም በብዛት የምናይበት፣ ዓይናችን ከቆብ ሥር ወዲያ ወዲህ የሚልበት የእንቅልፍ ክፍል አለ። በ1953 እ.ኤ.አ. ቺካጎ ላይ አዘሪንስኪና ክላይትማን ናቸው በጥናት ያሳዩት። በዚያ ሰዓት የአንጎል ግንድ በኅብለ ሰረሰር በኩል ጡንቻዎቻችንን ያስራል፤ ያለዚያ በሕልማችን ስንሮጥ ከአልጋ በወደቅን ነበር። ዓይንና ድያፍራም የሚባለው ዋናው የመተንፈሻ ጡንቻ ግን አይታሰሩም። ዱካክ የሚባለው፣ ልጅቷ ነቅታ እስሩ ገና ሳይፈታ ሲቀር ነው። በረጅሙ ልተንፍስ ትላለች፣ የደረቷ ጡንቻ አይታዘዛትም፤ ክብደቱ ከዚያ ይመጣል። ሕልሙም ስላልተቋረጠ ክፍሉ ውስጥ ሰው ታያለች።

ይህን ሁሉ በአንድ ገጽ ለሁለት ከፍላችሁ ሣሉት፤ ከላይ የምታየው፣ ከታች በዚያው ቅጽበት ሰውነቷ ውስጥ የሚሆነው። ጽሑፍ ባይኖረው ደስ ይለኛል።

አያትየዋን እንዳትነኪያቸው። ሰው ሲነካን ወይም ስማችንን ሲጠራ ብዙ ጊዜ እስሩ ይፈታል። ስለዚህ ስሟን እየጠሩ ሲዳስሷት መንቃቷ ከሳይንሱ ጋር አይጣላም፤ ጠበሉም በቦታው ይቆይ። እንቅልፍ ማጣትና በጀርባ መተኛት እንደሚያባብሱት ግን የሆነ ቦታ ይታይ። ጫት ያቆሙ ሰዎችም በብዛት ዱካክ ያዘን ስለሚሉ፣ የጎረቤት ወጣት አድርገሽ ብታስገቢ ጥሩ ነው። ቀን ቀን ድንገት እንቅልፍ የሚጥለው፣ ወይም ሲስቅ ጉልበቱ የሚከዳው ልጅ ካለ ሐኪም እንዲያየው አንድ መስመር ጨምሪ። ይህችን መስመር አደራ።

ሠዓሊ ነኝ
እኔ ስለ ዱካኩ መልክ ልናገር። ሄንሪ ፉዝሊ በ1781 እ.ኤ.አ. በተኛች ሴት ደረት ላይ ቁጢጥ ያለ ጋኔን ሥሏል፤ ሁሉም ያንን ይቀዳል። ለደሴ ልጅ የኛ ሥዕል ይቀርባታል። በቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን ጻድቁ ሁለት ዓይኑ ይታያል፣ ክፉው በጎን በአንድ ዓይን ይሣላል። ዱካኩን መጀመሪያ በአንድ ዓይን አምጡት። ልጅቷ ምን እንደሆነ እየገባት ስትሄድ ቀስ በቀስ ፊቱን ያዙር። አንባቢው ሳይነገረው ይገባዋል።

ታሪክን በተከታታይ ሥዕል መተረክም ለኛ እንግዳ አይደለም። የንግሥተ ሳባን ታሪክ በ44 ክፍል የሚያሳዩት ሥዕሎች ምን ሊሆኑ ነው? የእህትሽ ልጅ እነሱን ደጋግማ ትያቸው፤ አንዱ ክፍል የቱ ጋ ቆሞ ሌላው እንደሚነሣ ታስተውል።

ማተሚያ ቤት የኖርኩ
ሙሉ ቀለም አራት ፕሌት (የማተሚያ ሰሌዳ) ይጠይቃል፤ ጥቁርና አንድ ተጨማሪ ቀለም ሁለት ይበቃዋል። ታሪኩ የሌሊት ነው፤ ጥቁርና ሰማያዊ አድርጉት። ሰማያዊው ሰውነቷ ውስጥ ለሚሆነው ብቻ ቢውል ነርሷ ያለችው ገጽ ያለ ማብራሪያ ይነበባል። ገጹ በ16 የሚካፈል ይሁን፣ 48 ወይም 64፤ ወረቀት አይባክንም። የመስመር ሥዕሉን በ1200 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 1200 ነጥብ) ስካን አድርጉ፣ በ300 ጠርዙ ይሸረፋል።

ንግግሩን መጀመሪያ ጻፉ፣ ክቡን ኋላ ሣሉበት። «አልነገርኳቸውም» አንድ ቃል ናት፤ ጠባብ ክብ ውስጥ አትገባም። ፊደሉን አሳንሳችሁ ለማስገባት ብትሞክሩ ደግሞ «ቢ»ና «ቤ» አይለዩም። ከምትሥለው የእህትሽ ልጅም ጋር በጽሑፍ ተዋዋሉ። ቤተሰብ ነን ብለው በቃል የሠሩ ሰዎች ሁለተኛው ዕትም ላይ ሲቀያየሙ አይቻለሁ።

አማካሪዋ ከደሴ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ ሰማያዊውን ወስጃለሁ፤ ማብራሪያውም ወጥቷል። ፊቱን የሚያዞረውን ዱካክ ለእህቴ ልጅ ስነግራት ወዲያው መሣል ጀመረች። አሁን አንድ ነገር እርዱን፦ ዱካክ ተጭኖት የሚያውቅ ካለ፣ ዱካኩ በየት በኩል ቆሞ እንደታየው፣ ድምፅ ይሰማው እንደነበር፣ መጀመሪያ የትኛው ጣቱ እንደታዘዘለት ይጻፍልን። ስም አያስፈልግም።