ሁዋን ሶቶ ወዴት?

ጥያቄ፦ እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ የቤዝቦል ተጫዋቹ ሶቶ ከኒውዮርክ ያንኪስ ጋር ውሉ አልቆ ነበር፤ ያንኪስ ያቀረበለትን የ21.05 ሚሊዮን ዶላር የአንድ ዓመት ውልም አልተቀበለም። ሌላው የኒውዮርክ ቡድን ሜትስ ቢወስደው ምን ያጣ ነበር?

መልስ፦ እንዲህ ያለውን ውል ያልተቀበለ ተጫዋች የሚወስድ ሌላ ቡድን ይቀጣል፤ ሜትስ ያኔ የቅንጦት ታክስ (የተጫዋቾች ክፍያው ከሊጉ ገደብ ያለፈ ቡድን የሚከፍለው) ከፋይ ስለነበረ ከድራፍት (አዳዲስ ወጣቶችን በየተራ የመምረጫ ሥርዓት) ምርጫዎቹ ሁለተኛውንና አምስተኛውን ያጣ ነበር። ከውጭ አገር ታዳጊዎች ማስፈረሚያ በጀቱ ደግሞ 1 ሚሊዮን ዶላር ይቀነስበት ነበር። ለሜትስ ባለቤት ለስቲቭ ኮኸን ይሄ የሻይ ዋጋ ነው።

መልስ፦ ዋናው ነገር የሶቶ ዕድሜ ነበር፤ ያኔ ገና 26። በ2024 ውድድር 41 ሆም ራን (ኳሱን ከሜዳ ውጭ የሚያሳርፍ ምት)፣ 129 ዎክ (መጥፎ ውርወራዎችን ባለመምታት ወደ መጀመሪያው ቤዝ በነፃ መሄድ)። መጥፎውን ኳስ የሚለየው ዓይኑ ቶሎ አይደክምም፤ የሚያሰጋው የቀኝ ሜዳ መከላከሉ ነው።

መልስ፦ የዶጀርሱን ኮከብ የኦታኒን ውል እያያችሁ «700 ሚሊዮን ዶላር» አትበሉ እንጂ! ከዚያ ውስጥ 680 ሚሊዮኑ የሚከፈለው እ.ኤ.አ. ከ2034 እስከ 2043 ነው፤ ስለዚህ ለቅንጦት ታክሱ የሚቆጠረው በዓመት 46 ሚሊዮን ገደማ ብቻ፣ በአሥር ዓመት ውሉ 460 ሚሊዮን ገደማ። የሶቶ ወኪል ቦራስ ክፍያው አይዘግይ ቢል፣ ለሶቶ 600 ሚሊዮን እንኳ ከዚህ ስሌት ይበልጥ ነበር።