ኮሪያ ወይስ ጀርመን? ግራ ገብቶኛል

ሰላም ወገኖች። የክልል ፕላን ቢሮ ባለሙያ ነኝ። በፐብሊክ ፖሊሲ ማስተርሴን ለመማር ሁለት ቦታ አስቤ መወሰን አቃተኝ፤ አንዱ የኮሪያው ኬዲአይ ስኩል፣ ሌላው ጀርመን ኤርፈርት ያለው ዊሊ ብራንት ስኩል። ሁለቱም በእንግሊዝኛ ያስተምራሉ።

ኬዲአይ የሚስበኝ በኢኮኖሚክሱና በዳታ ትንተናው ነው። እናት ተቋሙ፣ ማለትም የኮሪያ ልማት ኢንስቲትዩት (KDI)፣ በ1971 እ.ኤ.አ. ተመሥርቶ የኮሪያን የአምስት ዓመት ዕቅዶች ሲያግዝ የኖረ ነው። ለእኔ ሥራ ልክክ ይላል። ግን ትምህርት ቤቱ ያለው ሴኡል ሳይሆን ሴጆንግ ነው። ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ተብላ የተሠራች አዲስ ከተማ ናት። እንጀራው ይቅር፣ ብቸኝነቱን ግን እፈራዋለሁ።

ኤርፈርት ደግሞ ከፖሊሲው ጋር ስለ ግጭት ጥናትም ያስተምራል። ለአገራችን ይሄም አይናቅም። በዳድ (DAAD፣ የጀርመን የአካዳሚክ ልውውጥ ተቋም) ስኮላርሺፕ ከተሄደ ቀድሞ የጀርመንኛ ኮርስ አለ።

እዚያ የተማራችሁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ። ሒሳብ ላይ ደካማ ነኝ፤ ኬዲአይ እቸገር ይሆን? ባለቤትና ልጅ ይዛችሁ የኖራችሁስ፣ የኪስ ገንዘቡ አዳረሳችሁ? ቢሮ ያማከርኳቸው አንድ ጋሼ «የትም ተማር፣ ዲግሪ ያው ዲግሪ ነው» አሉኝ። እኔ ግን አልተዋጠልኝም። አገር ቤት ተመልሳችሁ የምትሠሩ ደግሞ፣ የትኛው ትምህርት ጠቀማችሁ?