ማግኔት ያለው የሆርሞን ማሽን እንዴት ነው የሚፈጥነው?

የአዘዞዋ
ሰላም ለሁላችሁ። አዘዞ አንድ የግል ክሊኒክ ላብራቶሪ ውስጥ ነው የምሠራው። ቲኤስኤች የሚባለውን የታይሮይድ (የአንገት ዕጢ) ምርመራ የምንሠራው እስካሁን በኢላይዛ ፕሌት፣ ትንንሽ ጉድጓዶች ባሉት የላብራቶሪ ሳህን ነው። ለሁለት ሰው ፕሌት መክፈት ስለማያዋጣ ናሙና እያጠራቀምን እንቆያለን። ከቆላ ድባ የመጣ ሰው ደም ሰጥቶ ይሄዳል፣ ለውጤቱ ደግሞ ሌላ ቀን ይመለሳል። የትራንስፖርቱን ነገር እናንተው ታውቁታላችሁ።

አሁን አለቃችን በማግኔት ቢድ፣ ማግኔት በሚስባቸው ደቃቅ እንክብሎች የሚሠራ ማሽን ሊገዛ ነው። ሻጩ «ማግኔቱ ሆርሞኑን ከደሙ ስቦ ያወጣዋል፣ በ20 ደቂቃ ያልቃል» አለን። እኔ አልተዋጠልኝም። ሆርሞን ብረት ነው እንዴ? ደግሞስ ፍጥነቱ የመጣው ጥራት ተቀንሶ ቢሆንስ? የምታውቁ አስረዱኝ።

ጡረተኛው ከማራኪ
እታለም፣ ያልተዋጠልሽ እውነትሽን ነው። ማግኔቱ ሆርሞኑን አያውቀውም። የሚያውቀው አንቲቦዲው ነው፣ አንድን ሞለኪውል ለይቶ የሚይዘው ፕሮቲን። አንቲቦዲው ቢዱ ላይ ተጣብቋል፣ ሆርሞኑን ይይዛል። ማግኔቱ የሚስበው ቢዱን ብቻ ነው፤ ቢዱ ሲሳብ የያዘውን ይዞ ይመጣል።

ታዲያ ፍጥነቱ ከየት መጣ? ዋናው ከርቀቱ ነው። ፕሌት ላይ አንቲቦዲው ያለው ግድግዳውና ወለሉ ላይ ነው። መሀል የሚዋልለው ሞለኪውል እዚያ እስኪደርስ መጠበቅ አለብሽ። በዲፊውዥን (ሞለኪውሉ በራሱ ሲዋልል) ደግሞ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ጊዜው አራት እጥፍ ይሆናል። ኢንኩቤሽን ላይ፣ ሆርሞኑ እስኪያዝ ስትጠብቂ፣ ሰዓት የሚፈጅብሽ ይሄ ነው። ቢዶቹ ግን ፈሳሹ ውስጥ ተበትነው ነው ያሉት። ብዙዎቹ ከ1 እስከ 3 ማይክሮሜትር ናቸው፣ ቁጥራቸውም በሚሊዮን ነው። ሞለኪውሉ ወዴትም ቢዞር ቢድ አያጣም። መናኸሪያ ላይ ቆሎ ሻጩ ተሳፋሪ እስኪመጣለት ከሚቆም አውቶቡሱ ውስጥ ገብቶ ቢዞር አይሻለውም? እንደዚያ በይው።

ሁለተኛው እጥበቱ ነው። ማግኔት ከቲዩቡ ጎን ሲጠጋ ቢዶቹ ቶሎ ግድግዳው ላይ ይለጠፋሉ። ፈሳሹ ይመጠጣል፣ ማግኔቱ ሲርቅ እንደገና ይበተናሉ። እዚህ ላይ የሚገርመኝ ነገር አለ። ተራ ብረት ማግኔት ከነካው በኋላ ራሱ ትንሽ ማግኔት ሆኖ ሊቀር ይችላል። ቢዶቹ እንደዚያ ቢሆኑ ኖሮ እርስ በርስ ተሳስበው ይጓጉሉ ነበር። ውስጣቸው ያለው የብረት ኦክሳይድ ግን በናኖሜትር የሚለካ ደቃቅ ስለሆነ ማግኔቱ ሲነሳ ምንም አይቀርበትም። ሱፐርፓራማግኔቲክ የሚባለው ይሄው ነው። እኩል መጠን ያላቸውን ቢዶች መሥራት ራሱ ቀላል አልነበረም፤ መንገዱን የከፈተው ኖርዌያዊው ኬሚስት ጆን ኡገልስታድ ነው፣ በፈረንጆቹ 1970ዎቹ።

ስለ ጥራቱ አትስጊ። ፍጥነቱ ከጥራት የተቀነሰ አይደለም። ጥራቱን የሚያበላሸው ካሊብሬሽንና (ማሽኑን በታወቀ መጠን ማስተካከል) ኮንትሮል (ውጤቱ በታወቀ ናሙና መፈተሽ) መዝለል ነው፣ እሱ ደግሞ በፕሌቱም ያው ነው። ሴንትሪፊዩጃችሁን ግን እንዳትሸጡት፤ ደሙን አሽከርክሮ ሴረሙን (ጥርት ያለውን ፈሳሽ) የሚለይላችሁ አሁንም እሱ ነው።

ባዮሜዲካል ነኝ
ጋሼ ሳይንሱን ጨርሰውታል። እኔ ስለ መብራት ልናገር። መብራት መሀል ላይ ቢጠፋ የተጀመረው ናሙና ከሪኤጀንቱ (ከመመርመሪያው ኬሚካል) ጋር ሊበላሽ ይችላል። ጠንካራ ዩፒኤስ ከማሽኑ ጋር አብሮ ይገዛ። ሪኤጀንቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጥ፣ ፍሪዘር እንዳይገባ፤ ቢዱ በረዶ ከሆነ ይጓጉላል። ብዙዎቹ ማሽኖች የሌላ ድርጅት ሪኤጀንት አይቀበሉም። ስለዚህ ከማሽኑ ዋጋ በፊት የሪኤጀንቱን ዋጋና አቅርቦት ጠይቁ። ሲበላሽ ማን ይመጣል? ከአዲስ አበባ ከሆነ በስንት ቀን? ውሉ ላይ ይጻፍ።

የአዘዞዋ
እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ፣ አሁን ገባኝ። አንድ ነገር ልጨምር። አንዳንድ ሴቶች ለፀጉርና ለጥፍር ብለው ባዮቲን የሚባለውን ቪታሚን ይወስዳሉ። ውጤት ያዛባል የሚባለው እውነት ነው?

ጡረተኛው ከማራኪ
እውነት ነው፣ ጎበዝ። ግን በሁሉም ማሽን አይደለም። አንዳንዱ ቢድ ባዮቲንን አጥብቆ በሚይዝ ስትሬፕታቪዲን በሚባል ፕሮቲን የተቀባ ነው፣ አንቲቦዲውን የሚይዘውም በባዮቲን ነው። ደሙ ውስጥ ብዙ ባዮቲን ካለ ቦታውን ቀድሞ ይይዝበታል። ያኔ ቲኤስኤች ያለ አግባብ ዝቅ ይላል፣ ፍሪ ቲ4 የሚባለው የታይሮይድ ሆርሞን ደግሞ አለካኩ ተቃራኒ ስለሆነ ከፍ ይላል። ደህናዋ ሴት የታይሮይድ መብዛት ያለባት ትመስላለች። የአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በፈረንጆቹ 2017 ስለዚህ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። አደገኛው በሚሊግራም የሚቆጠረው ክኒን ነው እንጂ ከምግብ የሚገኘው አይደለም። ደም ከመቅዳትሽ በፊት «ቪታሚን ትወስጃለሽ?» ብለሽ ጠይቂ። «መድኃኒት» ካልሽማ አይወስዱም ይሉሻል፣ ቪታሚንን መድኃኒት ብሎ የሚቆጥር የለም።

ማሽኑ ሲገባ ደግሞ ፕሌቱን ወዲያው አትጣሉት። ዝቅተኛም መደበኛም ከፍተኛም ውጤት ያላቸውን ናሙናዎች በሁለቱም ሥሩና አወዳድሩ። ሻጩም አብሯችሁ ቆሞ ይይ።

የአዘዞዋ
ለአለቃዬ አሁኑኑ አሳየዋለሁ። የዩፒኤሱን ነገር ግን እሱ ራሱ ይደራደር፣ እኔ አልችልም።